የዶጎን ጭምብልና የጎንደር አባ እንጦንዮስ ሥዕል በአንድ ጣሪያ ሥር

ምንትዋብ_ዘቀበና ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ።)

ስለ አፍሪካ ኪነ ጥበብ ወሬ ሲነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን ራሳችንን ለብቻ አውጥተን የማውራት ልማድ አለን። ጭምብሉ የምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ሥዕሉና ማኅሌቱ የኛ ነው፣ የሚያገናኛቸው ነገር የለም ብለን እናልፋለን። ሁለቱ በአንድ ጉዞ ተወስደው በአንድ መዝገብ፣ በአንድ የቁጥር ተራ ሥር እንደሚገኙ ካወቅኩ ወዲህ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

በግንቦት 1931 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ሊያቋርጥ ተነሣ። የፈረንሳይ ፓርላማ በልዩ ሕግ ገንዘብ ሰጠው። የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን የነበረው ፓናማዊው አል ብራውን ሳይቀር ፓሪስ ላይ ለጉዞው ገቢ ማሰባሰቢያ ተጋጥሟል። ጥቁር ቡጢኛ በላቡ ያመጣው ገንዘብ የጥቁር ሕዝብ ንዋየ ቅድሳት መሰብሰቢያ ሆነ፤ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። ቡድኑ በየካቲት 1933 ጉዞውን ሲጨርስ ከ3,500 በላይ ዕቃ፣ ከ300 በላይ የብራና መጽሐፍ፣ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶግራፍ ሰብስቦ ነበር።

አሰባሰቡ እንዴት እንደነበር አንድ ምሳሌ። በመስከረም 1931 ማሊ ውስጥ ኬሜኒ የምትባል የባምባራ መንደር ደርሰው መሥዋዕት የሚቀርብለትን ቅዱስ ዕቃ ጠየቁ። የመንደሩ ሰው አንገራገረ። ፖሊስ ይመጣባችኋል ብለው አስፈራሩ፤ ራሳቸው ገብተው አወጡትና 10 ፍራንክ ትተው ሄዱ። ይህን የምናውቀው የቡድኑ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በየቀኑ ይጽፈው ከነበረው ማስታወሻ ነው። በ1934 አሳተመው፤ ግሪዮልም ተቀየመው።

ከዚያ እዚያው ማሊ ውስጥ ወዳለው ባንዲያጋራ ገደል ወጥተው ዶጎኖች የሚባለው ሕዝብ ዘንድ ሰነበቱ፤ ጭምብሎቹንም ሰበሰቡ። በ1932 ክረምት ደግሞ ጎንደር ገብተው አምስት ወር ያህል ተቀመጡ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ እንደተተከለ ይነገርለታል፤ ሥዕሎቹም የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ከሚታወቅባቸው ዋነኞቹ ናቸው። ቡድኑ ሥዕሎቹን ከግድግዳው አላቀቀ፣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሠራቸውን ቅጂዎች በቦታቸው አስለጠፈ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ላከ። ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሥዕል ነው። ዛሬ የሚገኙት እዚያው ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው፤ የዶጎኖቹ ጭምብሎችም እዚያው።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የተወሰደው እንጨትና ጨርቅ ነው፤ ጥበቡ ግን ከእንጨቱና ከጨርቁ ይሰፋል። ጭምብል የሚባለው የሚዘለው ሰው ነው፣ የተነከረው የቃጫ ጉርድ ነው፣ ከበሮው ነው፣ ለሟቹ የሚነገረው ቃል ነው። የመቅደስ ሥዕልም ዕጣኑን፣ የሚነበበውን ገድልና ከፊቱ የሚቆመውን ሰው ይዞ ነው ሥዕል የሚሆነው። ስለዚህ "ይመለስልን" ስንል ወደ ሌላ መስታወት ሣጥን ይዛወርልን ማለታችን ከሆነ ገና አልገባንም ማለት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ሥዕል የምትሠሩ፣ ማኅሌት የቆማችሁ፣ ሙዚየሙን ያያችሁ።


ባለማዕተብ ጻፈ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎንደሩን በጭራሽ አልሰማሁም ነበር፤ የኔ እውቀት መቅደላ 1868 ላይ ነው የሚቆመው። አንድ ጥያቄ፦ ጎንደር ላይ እንደ ኬሜኒው በማስፈራራት ነው ወይስ ተስማምተው?


ምንትዋብ_ዘቀበና ጻፈች፦

ጎንደር ላይ ከካህናቱ ጋር ድርድር ነበር፤ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ቅጂ ይሠራላችኋል ተብሏል። ኢትዮጵያ ነፃ መንግሥት ስለነበረች እንደ ማሊው በቅኝ ገዢ ፖሊስ ማስፈራራት አልቻሉም። ቢሆንም በከተማው ሰውና በሹማምንቱ ዘንድ ቅሬታና ጥርጣሬ እንደተነሣ ሌሪስ ራሱ ጽፏል። የአንድ ደብር አገልጋዮች ስለተስማሙ የትውልድ ቅርስ ተሸጠ ማለት ይቻላል ወይ? ለኔ አይቻልም።


የሸማው_ሠዓሊ ጻፈ፦

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምተዳደረው፣ ስለዚህ እንዴት "ተላቀቀ" የሚለውን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ግድግዳው ተቆርጦ የሄደ ይመስለዋል።

የኛ የመቅደስ ሥዕል በአብዛኛው በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሣልም። ግድግዳው ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። የጥጥ ጨርቅ ይዘጋጃል፣ ነጭ ቅብ ይቀባል፣ ሲደርቅ ይለሰልሳል። ከዚያ መስመሩ ይወጣል። ቀለሙ ከገባ በኋላ ጨርቁ ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል፤ አንዳንዱ መጀመሪያ ለጥፎ በኋላ ይሥላል። አንዱ ጨርቅ ከሌላው የሚገናኝበት ስፌት ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ይታያል፤ ቅዱሱ ፊት ላይ እንዳያርፍ ሠዓሊው አስቀድሞ ያሰላዋል። እንግዲህ በጨርቅ የተለጠፈ ነገር በጥንቃቄ እያረጠቡ ቢስቡት ይነሣል። ሥዕሉን ለመሥራት የሚያመቸው ነገር ለመውሰድም አመቸ።

የአባ እንጦንዮስን በመጽሐፍ ፎቶ ነው የማውቀው፤ ግን የተማርኩት ከዚያው ዘር ከሆነ አሣሣል ነው። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ፊት ላይ ጥላ አይጥልም፤ ፊቱ ንጹሕ ነው፣ መስመሩ ብቻውን ይናገራል። ልብሱ በአበባና በነጠብጣብ ይሞላል። ጀርባው ሜዳ ነው፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ ከሌላው ሳይደባለቅ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ሁለተኛው ግን ጉንጭና አንገት ላይ ጥላ ያሳርፋል፣ ጨርቁ እጥፋት አለው፣ የሀብታም ሐር ይመስላል። ሰው ሁለተኛውን ይወዳል። እኔ የመጀመሪያውን ነው የምወደው፤ ድፍረት አለው።

ሌላም ነገር አለ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉ ሰው፣ ይሁዳም ሰይጣንም፣ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ምንትዋብ ያልሽው እዚህ ላይ ይገባል፤ ይህ ሕግ የተሠራው ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ለሚጸልይ ሰው ነው። ቅዱሱ አንተን ያያል፣ አንተም ታየዋለህ። ከክፉ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትገናኝ ደግሞ ሠዓሊው ጠብቆሃል። ይህን የማያውቅ ጎብኚ የሚያየው የማይመጣጠን አፍንጫ ነው።


ወንዝ_ተሻጋሪ ጻፈ፦

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ እንዳትቆጡኝ።

ጎንደርን ከሱዳን የመጡት መሐዲስቶች (ድርቡሾች) በ1888 ሲገቡባት አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል፤ ከተረፉት ዋነኛው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ከ1936 በኋላ ጣልያን፣ ከዚያ የእንግሊዝ ቦምብ፣ ከዚያ ጣሪያ ማፍሰሱ፣ ምስጡ፣ የጧፍ ጢሱ። የአባ እንጦንዮስ ሥዕሎች እዚያው ቢቀሩ ዛሬ ስለ እነሱ እንወያይ ነበር ወይ? ሠዓሊው ወንድማችንም "በመጽሐፍ ፎቶ ነው የማውቀው" ብሏል፤ ያ ፎቶ የተገኘው ፓሪስ ስላሉ ነው። ደግሞ ግሪዮል ጣልያን ሲወረን ለኢትዮጵያ የተሟገተ ሰው ነው፣ ያንን አንርሳ።

ዶጎኖቹ ዘንድም ቢሆን ጭምብሉ ከበዓሉ በኋላ ዋሻ ውስጥ ተትቶ በምስጥ ያልቅ ነበር። ፈረንሳዮቹ ባይወስዱት ኖሮ አፈር ነበር።


የሸማው_ሠዓሊ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ እውነት ነው፤ እንዲያውም ካልከው በላይ ነው። በአገራችን ስንት ቤተ ክርስቲያን ነው የድሮው ሥዕል ተልጦ በዘይት ቀለም በተሠራ አዲስ ሥዕል፣ ወይም ከዚያ በባሰ በማተሚያ ቤት ፖስተር የተተካው! እኔ ራሴ "ያረጀውን አንሣና አዲስ አድርግልን" ተብዬ ተጠይቄ እምቢ ያልኩበት ደብር አለ። ሕዝቡ ክፋት የለበትም፤ ለእግዚአብሔር ቤት አዲስ ነገር ማቅረብ ክብር ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሥዕሉ ሲያረጅ የሚተካው ሠዓሊ እስካለ ድረስ ጥበቡ አልሞተም። ጌታው ተማሪውን በዓይን ነው የሚያስተምረው፤ ተማሪው የሚያየው ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ነው። የጎንደር ልጅ የመጀመሪያውን የጎንደር አሣሣል ከምንጩ ቆሞ እንዳያይ የተደረገው በ1932 ነው። ሩ ጥሩ ሠዓሊ ነበር ይባላል፤ ሆኖም ቅጂ የሚያስተምረው የቀጂውን እጅ ነው። ይህ ኪሣራ በሙዚየሙ የጥበቃ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።


የዳንስ_ተማሪ ጻፈች፦

የዶጎኑን ነገር እኔ ልመልስ፤ የመመረቂያ ሥራዬን የምሠራው በአፍሪካ የጭምብል ውዝዋዜ ላይ ነው።

ወንዝ_ተሻጋሪ "አፈር ይሆን ነበር" ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ለነሱ ያ ጉዳት አልነበረም። ዶጎኖች ዘንድ "አዋ" የሚባል የጭምብል ማኅበር አለ፤ የተገረዙ ወንዶች ናቸው አባላቱ። ሰው ሲሞት ወዲያው ይቀበራል፤ ከጊዜ በኋላ፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ፣ ለብዙ ሟቾች በአንድነት "ዳማ" የሚባል ሥርዓት ይደረጋል። የዳማ ሥራ የሟቾቹን ነፍስ ከመንደሩ አውጥቶ ወደ አባቶቻቸው መሸኘት ነው። ጭምብሉ የሚጠረበው ለዚያ ነው፤ ጠራቢው ብዙ ጊዜ የሚጨፍረው ልጅ ራሱ ነው። ሸኝቶ ሲጨርስ ዋሻ ይገባል። ለሚቀጥለው ዳማ አዲስ ይጠረባል፤ ልጆቹ መጥረቡንም መጨፈሩንም እንደገና ይማራሉ። ማርጀቱ የሥርዓቱ ክፍል ነው።

"ካናጋ" የሚባለውን ላሳያችሁ፣ በጣም የታወቀው እሱ ስለሆነ። ፊቱ ላይ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ጥልቅ የዓይን ቦዮች አሉት። ከራሱ በላይ ቀጥ ያለ እንጨት ይቆማል፣ ሁለት አግዳሚ ይሻገሩበታል፣ ከጫፎቻቸው አጫጭር ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች ይወጣሉ። ሙዚየም ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ መስቀል ይመስላል፤ ብዙ ሰው እንደ ምልክት ነው የሚያነበው፣ በ1959 የማሊ ፌዴሬሽን ባንዲራ ላይም ገብቶ ነበር። ውዝዋዜው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ጨፋሪው ከወገቡ ተጠምዝዞ ሙሉውን የላይ አካሉን በአየር ላይ በትልቅ ክብ ይወረውራል፤ የጭምብሉ ጫፍ መሬቱን ጭሮ አቧራ ያስነሣል፤ ሳይቆም ደግሞ ይዞራል። ይህን የሚያደርገው ዕቃውን በጥርሱ ነክሶ ነው፤ ከውስጥ በኩል የሚነከስ ገመድ አለ። አንዱ ጨርሶ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሽማግሌዎች በምሥጢራዊው የጭምብል ቋንቋ "በርታ፣ ዓይን ሁሉ አንተ ላይ ነው" ዓይነት ቃል ይወረውራሉ። የእንጨቱ ክብደትና ቁመት የተለካው ለዚያ ዙር ነው። የማይዞር ካናጋን ያየ ሰው መጠኑ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሊገባው አይችልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ "ሲጊ" ነው፤ በ60 ዓመት አንዴ ብቻ የሚደረግ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተላለፈ ዓመታት የሚፈጅ በዓል። የመጨረሻው በ1967 ጀምሮ እስከ 1973 ሄደ፤ ፈረንሳዮቹ ተመራማሪዎች ዣን ሩሽና ዠርሜን ዲተርለን በፊልም ቀርጸውታል። 60 ዓመቱ 2027 ላይ ይሞላል። በባንዲያጋራ አካባቢ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ያለው ጦርነት ብዙ መንደር አፈናቅሏል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። ፓሪስ ያለው እንጨት ደኅና ነው፤ ዙሩን የሚያውቀው ልጅ ግን ስደተኛ ካምፕ ነው።


የመሪጌታ_ልጅ ጻፉ፦

ልጆቼ፣ እግዜር ይባርካችሁ፤ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሳነብ ደስ ይለኛል። አባቴ ጎንደር በዓታ አቋቋም የተመረቁ ነበሩ፤ እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ዞርኩ፤ ጥቂት ግን ይዣለሁ።

የዳንስ ተማሪዋ ስለ ካናጋው የጻፈችው አቋቋሙን አስታወሰኝ። ሰው "ማኅሌት" ሲል ዜማ ብቻ ይመስለዋል። አቋቋም ግን የሰውነት ትምህርት ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ነው፤ ያንኑ ዜማ በአካል እንዴት ትቆምበታለህ የሚለው ራሱን የቻለ ጉባኤ አለው። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባል የአቋቋም ልዩነትም አለ፤ አዋቂ ሰው መቋሚያው እንዴት እንደሚነሣ አይቶ ሊቁ የት እንደተማረ ይናገራል።

የክብረ በዓል ሌሊት ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ። መጀመሪያ ቃሉ ብቻውን ይወጣል፣ ያለ ምንም መሣሪያ። ቀጥሎ ይዘመማል፤ መቋሚያው በእጅ ተይዞ ከዜማው ጋር ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከበሮ ገና የለም። ከዚያ ጸናጽሉ ይገባል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮው በዝግታ፣ ጉልበት በትንሹ ተሰብሮ። በመጨረሻ ጽፋት፦ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ከበሮ መቺው በአንገቱ ያንጠለጠለውን ከበሮ ይዞ መሀል ለመሀል ይዞራል፣ እናቶች ከደቡብ በር በኩል እልልታውን ያቀልጡታል። ያ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ሌሊቱ ይነጋል።

ከበሮውን ተመልከቱት። አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው፤ አባቶች ሰፊውን በመለኮቱ፣ ጠባቡን በትስብእቱ ይመስሉታል። በላዩ የሚተበተበው ጠፍር ጌታ የተገረፈበት ነው። መቋሚያው መስቀሉ ነው፣ ጸናጽሉ የያዕቆብ መሰላል። ስለዚህ ሊቁ በሚዞርበት ጊዜ ሕማማቱን በአካሉ እያሳየ ነው፤ ሠዓሊውም ግድግዳ ላይ ያሳየው ያንኑ ነው። አጥቢያው ማንበብ ባይችል በዓይኑም፣ በጆሮውም፣ በእግሩም አንድ ነገር ነው የተነገረው።

ደግሞ ሥዕሉ ዝም ብሎ አልተደረደረም። በሰሜን በኩል፣ ወንዶች በሚቆሙበት፣ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፤ በደቡብ በኩል፣ ሴቶች በሚቆሙበት፣ የእመቤታችን ተአምር። በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት። የቆምክበት ቦታ የምታየውን ይወስናል። እንግዲህ እነዚያን ሥዕሎች ከሰሜንና ከደቡብ አንሥቶ አንድ አዳራሽ ውስጥ መስቀል ማለት ከአንቀጹ ላይ ቃላቱን ቀንሶ ፊደሉን በሣጥን መቆለል ማለት ነው።


ባለማዕተብ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ። ስለ ሰሜንና ደቡቡ ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።


ፓሪስ_አሥራ_ሦስት ጻፈች፦

እዚህ ነው የምኖረው፤ ኬ ብራንሊ ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ ላካፍላችሁ።

ሙዚየሙ ሲገቡበት ጨለማ ነው፤ ብርሃኑ ዕቃዎቹ ላይ ብቻ ያርፋል። ከማሊ ዕቃዎች አልፎ ብዙ ተኪዶ ነው የአባ እንጦንዮስ ሥዕሎች የሚገኙት፣ ለብቻቸው ባለ ክፍል ውስጥ። ሥዕሎቹ ደኅና ናቸው፣ ይህን መናገር አለብኝ። ቀለሙ አለ። ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ዝም ብለው ሲያዩ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ግን የኛ እናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መግቢያው ላይ ሦስት ጊዜ አማትባ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ጥበቃው ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቶት ቀረብ አለ። አስረዳሁት፤ ተዋት። ሴትዮዋ ረጅም ጸሎት አደረሰች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ለኔ ሌላ ሆነብኝ፤ ምንትዋብ ያልሽው "ሥዕል የሚሆነው ከፊቱ የሚቆም ሰው ሲኖር ነው" የሚለውን በዓይኔ አይቻለሁ።

በ2025 ሙዚየሙ በዚሁ ጉዞ ላይ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። ጉዞው ካለፈባቸው አገሮች የመጡ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች አብረው ሠርተውበታል፤ ዕቃዎቹ ከማን፣ በምን ሁኔታ ተወሰዱ የሚለውን መንደር ድረስ ሄደው ጠይቀዋል። የዘገየ ነው፣ ግን ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሕጉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ስብስብ ውስጥ የገባ ዕቃ በሕግ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይሰጥም። በ2018 ፌልዊን ሳርና ቤኔዲክት ሳቮአ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ያቀረቡት ጥናት ኬ ብራንሊ ውስጥ ብቻ ከሰሐራ በታች የመጣ 70,000 ያህል ዕቃ እንዳለ ይናገራል፤ ከኢትዮጵያ ከ3,000 በላይ። በዚያው ጥናት ውስጥ ከዚሁ ከዳካር–ጅቡቲ ጉዞ የተገኘ አንድ ጭምብል በ7 ፍራንክ እንደተገዛ ተጽፏል፤ ያን ጊዜ የአንድ ደርዘን እንቁላል ዋጋ ነው። ለቤኒን 26 የአቦሜ ቤተ መንግሥት ዕቃዎች የተመለሱት በ2020 ለነሱ ብቻ ልዩ ሕግ ወጥቶ ነው፤ በኅዳር 2021 ገቡ። ስለዚህ መንገዱ አለ፤ ጠያቂ መንግሥትና የተዘጋጀ ፋይል ይፈልጋል።


እንኮዬ_ጎንደር ጻፉ፦

ስለ ዛሩስ ማንም አላነሣም? ያ ሌሪስ የተባለው ሰው ጎንደር ላይ ብዙውን ጊዜውን ያሳለፈው የዛር ቤት ነው። የባለዛሮቹን ዘፈን፣ ጉሪውን (ዛሩ ሲወርድ የሚደረገውን ሽክርክሪት)፣ የሚታረደውን በግና ዶሮ፣ "ፈረሱ" ላይ፣ ማለትም ባለዛሩ ላይ፣ የሚወርደውን ዛር ስም ሁሉ ጻፈው። በ1958 ደግሞ ዛሩን ከቲያትር ጋር እያነጻጸረ መጽሐፍ አሳተመበት።

አያቴ ዛር ነበረባት። ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጢሶ፣ ከበሮው ሲመታ አንገቷ ሲሽከረከር አይቻለሁ፤ ልጅ ሆኜ። ካህናቱ ይከለክሉን ነበር፣ ትክክልም ናቸው እላለሁ፣ ሃይማኖቴ ነው። ግን የዚያች ሴት ሕመም እውነት ነበር፤ ሲጨፈርላት ደግሞ ለወራት ይቀልላት ነበር። ቲያትር ሲባል ማስመሰል ከሆነ፣ አይደለም። ሴት ወይዘሮ ሆና የማትናገረውን በዛሩ አፍ ትናገራለች፤ ባሏም ይሰማል፣ ልብስም ይገዛል። ይህም የአፍሪካ ጥበብ ውስጥ ይግባ ከተባለ ይግባ፤ የሴቶቹን ሕመም አውጥቶ ዘፈኑን ብቻ እንዳይይዙት ግን እሰጋለሁ።


የዳንስ_ተማሪ ጻፈች፦

እንኮዬ፣ ይህን መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው። ዳማም እንዲሁ ነው፤ ጨፋሪው ሟቹን አያስመስልም፣ ይሸኘዋል። ስለ ውዝዋዜ የሚጽፍ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ካልጠየቀ ቅርጹን ብቻ ይቀዳል። የቱሪስት ካናጋ እንዲያ ነው፤ ለፎቶ ያጥራል፣ ዳማው የለም። ግን እሱንም አልንቅም፤ ልጆቹ ዙሩን በገንዘብም ቢሆን እየተለማመዱ ነው።


ወንዝ_ተሻጋሪ ጻፈ፦

እሺ፣ ብዙ ተምሬአለሁ። ግን አሁንም ጥያቄዬ አለ፤ ተመለሰ እንበል፣ አባ እንጦንዮስ ግድግዳ ላይ መልሰን እንለጥፈው? ጧፍና ዕጣን ሥር? የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጨርቅ ያን ይችላል?


ምንትዋብ_ዘቀበና ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ለሁለቱም አንድ መልስ የለኝም። ለዶጎኖቹ ከድሮው እንጨት ይልቅ ሰላሙና ቀጣዩ ሲጊ ይቀድማል ብዬ አስባለሁ፤ ያሉት ጭምብሎች ግን የመንደሮቹ መሆናቸው በስማቸው ይጻፍ፣ ጠራቢ ልጆቻቸው ገብተው የመንካትና የመለካት መብት ይኑራቸው። ሙዚየም "አትንኩ" የሚለው ለጎብኚ ነው፤ ለባለቤት መሆን የለበትም።

ለጎንደሩ ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ወደ ጎንደር ይመለስ፤ የአየር ንብረቱ በተጠበቀ ቤት ይቀመጥ፣ ሰሜኑ በሰሜን፣ ደቡቡ በደቡብ ተደርጎ፣ ልክ እንደ መቅደሱ። በዓመት አንድ ቀን፣ በአባ እንጦንዮስ በዓል፣ ማኅሌቱ እዚያ ይቁም። ጧፍ ባይበራም ይቁም። የሸማው ሠዓሊና ተማሪዎቹ ወንበር ይዘው ይቀመጡበትና ከዋናው እያዩ ለደብሩ አዲስ ይሥሩ፤ የሩን ቅጂ የሚተካ የጎንደር እጅ ሥራ። ጨርቁ ይጠበቃል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግን 60 ካሬ ሜትር ነው፣ ትልቅ ቤት አይደለም።


የሸማው_ሠዓሊ ጻፈ፦

ወንበሩን ይዤ እመጣለሁ። ስለ ቁም ነገሩ ግን፦ ከዚያ በፊት የምንሠራው ሥራ አለ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ በየስማቸውና በየቦታቸው የሚያሳይ የአማርኛ ዝርዝር አላየሁም። ፎቶዎቹን የት ነው የምናገኘው?


ፓሪስ_አሥራ_ሦስት ጻፈች፦

የሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ የስብስቡ መፈለጊያ ለማንም ክፍት ነው። ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ዕቃዎች በሙሉ በ71.1931.74 ይጀምራሉ፣ ከዚያ በነጥብ የየራሳቸው ቁጥር ይከተላል። ያንን ቁጥር አስገብታችሁ አገሩን ኢትዮጵያ ብትሉት ይወጣላችኋል፤ ማሊ ብትሉት የዶጎኖቹ። ማብራሪያው በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ልተረጉም እችላለሁ። በሥዕሎቹ ላይ ያለውን የግዕዝ ጽሑፍ ግን የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ።


የመሪጌታ_ልጅ ጻፉ፦

ግዕዙን እኔ አነባለሁ፤ ፎቶውን አጉልተሽ ላኪልኝ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። አባ እንጦንዮስ አካባቢ ያደጋችሁ ደግሞ ከአባቶቻችሁ ስለ ቅጂዎቹ የሰማችሁት ካለ እዚሁ ጻፉልን፤ ምን ግድግዳ ላይ የትኛው እንደነበረ የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ሳይረፍድ ይጠየቅ።